ሰንበት፣ ኳስና ሁለቱ ፊርማዎቼ

በተወለድኩበት የጎንደር ገጠር አስተያየት እንደ በቅሎ ነበር፤ ሁሉም ሰው አልነበረውም። ጭቃ ሹሙ አላቸው፣ ቄሱ አላቸው፣ ለሽምግልና የሚቀመጡ ሰዎች አላቸው። ሌላው በእግሩ ይሄዳል። ኋላ አብዮቱ መጣና የቀረችውንም አስተያየት በስብሰባ እያስጨበጨበ ጨረሳት። እንግዲህ እንዲህ ባዶ እጄን ሆኜ ነው እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ የገባሁት። አፉላ ደግሞ፣ መቼም ታውቋታላችሁ፣ አውቶቡስ ጣቢያው ቆማችሁ «ዛሬ ይሞቃል» ብትሉ ሁለት ወታደርና አንዲት አሮጊት ይከራከሯችኋል፤ ሾፌሩም የሱፍ ፍሬውን እየፈለቀቀ በመስኮት ፍርድ ይሰጣል።

ዕብራይስጥ በምማርበት ኡልፓን መምህራችን ሩት «ውሃ»፣ «ዳቦ»፣ «ስሜ እገሌ ነው» ስታስተምረን ከረመችና አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ለዳዓቲ» ብላ ጻፈች። «በእኔ አስተያየት» ማለት ነው። ቀጥላ ከተማውን የሚያምሰውን ነገር ከጋዜጣ አነበበችልን። ኳስ በሰንበት ይጫወቱ ወይስ አይጫወቱ? ሱቅ በሰንበት ይከፈት ወይስ ይዘጋ? ማዘጋጃ ቤቱስ ስለዚህ ሕግ ያውጣ ወይስ አርፎ ይቀመጥ? «ለሚመጣው ሳምንት አስተያየታችሁን ይዛችሁ ኑ» አለችን። ከየት እንደምናመጣው ግን አልነገረችንም።

የእኔ ጉዳይ ከክፍል ትምህርት ያለፈ ነበር። ከጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ቡድን ጋር ኳስ መለማመድ ጀምሬያለሁ፤ አሠልጣኙም ወደውኛል። ግጥሚያው ግን ቅዳሜ ነው፤ የእኛ የቤተ እስራኤሎች ሰንበት። አባቴ ደግሞ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ የበራውን መብራት የማያጠፉ፣ የጠፋውን የማያበሩ ሰው ናቸው። ስለ ኳሱ አልነገርኳቸውም። አልዋሸሁም፤ ዝም ነው ያልኩት። ዝም ማለት ውሸት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ዓርብ ቀትር ላይ አውቶቡስ ጣቢያው ስደርስ ሁለት ጠረጴዛ ተዘርግቷል። በመጀመሪያው ያለችው ልጅ ወረቀት ዘረጋችልኝና «ሰንበት ላይ ሁሉም እንደፈቀደው ይሁን፤ በቫካሻ፣ ፈርምልን» አለችኝ። እባክህ ብሎ የለመነን ሰው እምቢ ማለት ከቤቴ አልተማርኩም፤ ፈረምኩ። አሥር እርምጃ ሳልሄድ ከሁለተኛው ጠረጴዛ አንድ ጺማም ሽማግሌ እጄን ያዙ። «ልጄ፣ አንተ ለእምነትህ ብለህ ከዚያ ሁሉ አገር የመጣህ ሰው፣ የሰንበት ሕግ እንዲወጣልን አትፈርምም?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ፈረምኩ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገሬ ሰው። ሁለቱም ባንድ ቀን ቢሰበሩስ? እሱን አይልም።

በሳምንቱ በዚሁ በሰንበት ጉዳይ የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። የኡልፓኑ ተማሪዎችም ከነቤተሰባችን ተጋበዝን፤ አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። ልጅቷ ተነሥታ «ከኢትዮጵያ የመጡትም ከእኛ ጋር ናቸው» አለችና ስሜን አነበበች። ጺማሙ ሽማግሌ «ኧረ ከእኛ ጋር ናቸው!» ብለው ተነሡ። እሳቸውም አነበቡ። ያው ስም። ሰብሳቢው ሁለቱን ወረቀት አስጠግተው ፊርማዬን አመሳከሩና «ባለቤቱ እዚህ አለ?» አሉ።

ቆምኩ። «ለዳዓቲ...» አልኩ። ቀጣዩ ቃል ጠፋ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ያኔ አባቴ ተነሡ። «እኔ ልናገር፤ አንተ አስተርጉም» አሉኝ። «እኛ አገር ሰንበትን የሚያስከብርልን ዘበኛ አልነበረም። ገበያው ቅዳሜ ይቆማል፤ እኛ አንሄድም። አለቀ። ሰንበት በፖሊስ አትጠበቅም።»

አስተረጎምኩ። የልጅቷ ወገን በጭብጨባ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። አባቴ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቁ።

«አልጨረስኩም። ልጄ በሰንበት ኳስ ሊጫወት እንደሆነ ከጎረቤት ሰማሁ። ከጎረቤት መስማቴ አሳዝኖኛል። ሕጉ አይከልክለው። እኔ ግን እከለክለዋለሁ።»

እስቲ እኔን ሁኑና አስቡት። አዳራሹ ውስጥ አማርኛ የሚሰማው ጥቂት ሰው ነው። «አባቴ ስለ መስተንግዷችሁ ያመሰግናሉ» ብል ማን ያውቅብኛል? አባቴ አፍ አፌን ያያሉ። ዕብራይስጡን አይሰሙትም፤ እኔን ግን ያውቁኛል። ቃል ሳላጎድል አስተረጎምኩት። «እከለክለዋለሁ» ላይ ስደርስ በጥድፊያ አልኩት። ግሱን ግን በትክክል ረብቼዋለሁ፤ ሩት ከኋላ ራሷን ነቀነቀችልኝ። አሁን ያጨበጨበው የሽማግሌው ወገን ነው። ሰብሳቢው ነገሩ ለኮሚቴ ይመራ አሉ። ኮሚቴው እስከ ዛሬ እያጠናው ነው።

ወደ ቤት ዳገቱን ስንወጣ አባቴ «ለምን አልነገርከኝም?» አሉኝ።

«ይከለክሉኛል ብዬ ነው፣ አባባ።»

«ይኸው ከለከልኩህ። ሞትክ?»

አልሞትኩም። ግን ሳምንቱን ሙሉ ከሥልጠና ቀረሁ። አሠልጣኙ ስብሰባው ላይ ነበሩና ቤታችን ድረስ መጡ። ማክሰኞ ከሰዓት ኪቡትስ ከሚሉት የኅብረት እርሻ መንደር ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አለ፤ ይፈቀድለት አሉ። አባቴ «ማክሰኞ ምን አለበት?» አሉ። ይባስ ብለው ራሳቸውም ሊያዩ መጡ።

ከእረፍት በኋላ ገባሁ። አባቴ ፊት ልታይ ብዬ ስሮጥ ኳሷን ስቼ የአንዱን ልጅ ቅልጥም መታሁ። ልጁ ወደቀ፤ ፊሽካ ተነፋ። ቀና ስል አባቴ ጋቢያቸውን እያጣፉ ሜዳው መሀል ደርሰዋል። ልጁን በእጃቸው ደግፈው አነሡት። ወደ እኔ ዞረው «ይቅርታ ጠይቀው። ቋንቋውን ታውቅ የለም እንዴ?» አሉኝ። ጠየቅሁት። ልጁም ግራ ገብቶት እሺ አለ። ከዚያ ሁለታችንን አቁመው ይመርቁን ጀመር፤ የአባቴ ምርቃት ደግሞ አጭር አይደለም። ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ፣ እንደገና አዩ፤ በመጨረሻ ከኪሳቸው ቀይ ካርድ አውጥተው ወደ አባቴ ዘረጉ።

አባቴ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

«አባባ፣ ይውጡ ማለታቸው ነው» አልኩ በሹክሹክታ።

«ገብቶኛል» አሉ። «ዳኛ ፍርድ ሲሰጥህ በሁለት እጅህ ተቀበል። ይግባኙ ኋላ ይደርሳል።»

ካርዱን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ቀስ ብለው ከሜዳው ወጡ። ዳኛው ሌላ ካርድ አልያዙም ነበርና፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገን እንዳሻው ሲራገጥ ዋለ።