ሽምግልና በዊንች

ዊንች ያለው መኪና ካላችሁ ዘመድ አይጠፋችሁም። በጋውን ሙሉ ስልኬን የማያነሳ ሰው ሁሉ ክረምት ሲገባ ጤንነቴን ይጠይቃል። አንዱ ከገፈርሳ ደውሎ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ወገቤ፣ ስለ ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ከጠየቀኝ በኋላ ነው መኪናው እየሰመጠ መሆኑን የነገረኝ። ሰላምታ ሳይጨርሱ ችግር መናገር ነውር ነዋ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ዊንች ማለት መኪና ግንባር ላይ የሚገጠም፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የብረት ገመድ መጠቅለያ ነው። ገመዱን ዛፍ ላይ ታስራላችሁ፣ ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ መኪናው ራሱን ከጭቃ ይጎትታል። የእህቴን ልጅ ናትናኤልን ሚስት ሊያሳጣው የነበረው ይኸው ዊንች ነው።

ናትናኤል የቡራዩ ልጅ ነው፤ ሱሉልታ ሄዶ ሐዊን ወደደ። አባቷ ኦቦ ቶሎሳ እሑድ ጠዋት ሽማግሌ እንድንልክ ፈቀዱ። ከሰዓት ግን የሌላ ወገን ሽማግሌ ሊመጣባቸው እንደሆነ ሰማን። መቅደም ነበረብን። ሽማግሌዎቻችን የሰፈራችን ትልቅ ሰው ጋሽ ወርቁና ባለሱቁ ሐጂ ከድር ናቸው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ሾፌርም ጭምር። ጋሽ ወርቁ ንግግራቸውን ሳምንቱን ሙሉ ሲያዘጋጁ ነው የከረሙት። እሳቸው እንኳን ልጅ ለመጠየቅ፣ በር ዝጋ ለማለትም ከበሩ አናጢ የሚጀምሩ ሰው ናቸው።

ኦቦ ቶሎሳ ደጅ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን መኪናዬ እስከ ሆዷ ጭቃ ገባች። አልደነገጥኩም። ገመዱን ዘርግቼ ከአጥራቸው ጥግ ካለው ባሕር ዛፍ ጋር አሰርኩት። ቁልፉን ስጫን ዊንቹ ትንሽ ሳበና ቀጥ አለ። አረፍ ብሎ ተነሳ፤ ደግሞ ቀጥ። ሐጂ ከድር የባትሪውን ዝገት ፋቁ፣ እኔ ሽቦውን አጠበቅኩ፣ ግሎ ይሆናል ብለን እስኪበርድ ጠበቅን። ምንም የለም። ጋሽ ወርቁ በየመሀሉ ይመክራሉ፣ ገመዱንም ይመርቃሉ። ናትናኤል ደጋግሞ ይደውላል። በር ላይ ነን እለዋለሁ። ውሸት አይደለም እኮ።

ኦቦ ቶሎሳ እንደ ባህሉ መምጣታችንን ያላወቁ መስለው ቤት መቀመጥ ነበረባቸው። መጋረጃው ግን ሲንቀሳቀስ አያለሁ። በመጨረሻ አላስችል ሲላቸው ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። አካም ጂርቱ ተባባልን። ከዚያ ይቅርታ ጠይቀው፣ "ዊንቹ የሚቆመው ኦቦ ወርቁ ከተናገሩ በኋላ ነው" አሉ።

ቅር አለን። ግን እውነታቸውን ነበር። ለካ ጋሽ ወርቁ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር፣ ትልቅ ሰው እየተናገረ ምን ያንጎራጉራል ብዬ የመኪናውን ሞተር አጠፋለሁ። ጨርሰው "በል ሳብ" ሲሉኝ ደግሞ ሞተሩን ሳላስነሳ የዊንቹን ቁልፍ እጫናለሁ። ዊንቹ ባትሪውን ብቻ ይዞ ምን ያህል ይጎትት? ኦቦ ቶሎሳ ሞተሩን አስነስተው፣ ጋሽ ወርቁን እጃቸውን ይዘው ወደ ቤት አስገቡልኝ። መኪናዬ ባንዴ ወጣች። ደስታዬን አልነግራችሁም።

ቤት ገብተን ቆምን። ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኦቦ ቶሎሳ እጃቸውን አነሱ።

"አንቱ ይቀመጡ። ልጄን ሰጥቻለሁ። ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ እንኳ ሽማግሌ ሲናገር ሞተር የሚያጠፋ ቤተሰብ ካገኘሁ፣ የከሰዓቶቹን ምን ላድርጋቸው?"

ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። ሐጂ ከድር ዕንባ እስኪመጣቸው ሳቁ። ጋሽ ወርቁ ብቻ አኮረፉ፤ ንግግሩ ሳይነካ ቀረ እኮ። በመልሱ ጉዞ፣ ከሱሉልታ እስከ ቡራዩ፣ ከመግቢያው ጀምረው ለእኛ አደረጉት።

እኔ ግን ሞተሩን አላጠፋሁም።