የሱሉልታ መብረቅና የእኔ ስድስት ብረቶች

ሰው ሁሉ ፈሪ ነው። ልዩነቱ፣ ሌላው ፍርሃቱን «ጥንቃቄ» ብሎ ይጠራዋል፤ እኔ ግን አላስመስልም። ሊፍት እፈራለሁ፤ በማላውቀው ቁጥር ስልክ ሲደወል እፈራለሁ፤ ከሁሉም በላይ መብረቅ እፈራለሁ። ከቡራዩ ወደ ሥራ በምሄድበት ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ሰማዩ ካጉረመረመ ከመስኮት ሸሽቼ መሐል ነው የምቀመጠው።

ታዲያ ሐኪሜ ይህን ሁሉ አዳምጦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ጭንቀት በዝቶብሃል፣ ረጋ ያለ ስፖርት ጀምር፣ ለምሳሌ ጎልፍ። ጎልፍ! የእኔ ደመወዝና ጎልፍ የት ተዋውቀው? ግን ሐኪምም እፈራለሁና እሺ አልኩ።

እዚያው ቡራዩ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ስድስት የጎልፍ ዱላ ከነቦርሳው በርካሽ አገኘሁ። አንዱን ባነሳው ቀለለብኝና ለመሆኑ ብረት ነው ወይ አልኩት። ሰውዬው ተቆጣ። እናቴ ትሙት ንጹሕ ብረት ነው፣ የቀለለው ዘመናዊ ስለሆነ ነው አለኝ። በሰው እናት ላይ እንዴት ልከራከር? ከፍዬ ወጣሁ።

እሑድ ጠዋት ሱሉልታ ሜዳ ላይ ተገኘሁ፤ ያውም በክረምት። ኳሴን ሣሩ ላይ ሳስቀምጥ ፀሐይ ነበር። ዱላዬን ስሰነዝር ነፋስ መጣ። ኳሱን ስቼ ጭቃውን ስመታ ጉም ወረደ። የሱሉልታ አየር ሐሳቡን ሲቀይር ማንንም አያማክርም። አራተኛ ሙከራዬን ሳልጨርስ ሰማዩ ጠቁሮ ጓ አለ።

እስቲ አስቡት። በዚያ ሜዳ ላይ ከእኔ የሚረዝም ነገር የለም፤ እጄ ላይ አንድ ብረት፣ ጀርባዬ ላይ አምስት ብረት። የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እያደባለቅሁ ወደ ቅርቡ ቤት ሮጥኩ። ለምን አልጣልካቸውም ትሉኝ ይሆናል። የገዛኋቸው እኔ ነኝ እንጂ እናንተ አይደላችሁማ!

የቤቱ ባለቤት፣ ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ከበረንዳቸው ሆነው «ኮቱ! ኮቱ!» እያሉ ሲጠሩኝ ቆዩና ቦርሳዬን ሲያዩ እጃቸውን ዘርግተው በሩን ዘጉብኝ። ብረት መብረቅ ይጠራል፣ ከነልጅ ልጆቼ ልታስጨርሰኝ ነው ወይ፣ ሂድ አርቀህ ጥለህ ና አሉኝ። አባቴ፣ እዚሁ ደጅ ላስቀምጠው ብላቸው፣ ከብቶቼስ ነፍስ የላቸውም ወይ አሉ።

ተመልሼ ወጣሁ። በገዛ እግሬ ወደ ሞት ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። በረዶ መውረድ ጀምሮ አናቴን ይቀጠቅጠኛል፤ ሰማዩ በብልጭታ ይሰነጠቃል። መሐል ሜዳ ስደርስ ቦርሳውንም የእጄንም ዱላ ወረወርኩና ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ቤቱ በረርኩ። ኦቦ ቶሎሳ ጋቢ ደረቡልኝ።

ሲያባራ ሜዳው ሐይቅ ሆኗል። ሽማግሌው ደጃፍ ላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ጠሩኝ። ስድስቱ ዱላዎቼ በጎርፉ ላይ እየተንሳፈፉ፣ ዘና ብለው ይመጣሉ። ኦቦ ቶሎሳ አንዱን አነሱና በጥፍራቸው ፋቁት። ብርማው ቀለም ተላጠና ፕላስቲክ ወጣ። ልጄ፣ ያንተ ብረት ዋና ይችላል እንዴ አሉኝ።

በማግስቱ ሻጩን አንቄ ገንዘቤን ልቀበል ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ልክ ፊቱን ሳይ ግን መሐላው ትዝ አለኝና ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ገንዘቤን ትቼ፣ እናትህ ደኅና ናቸው ወይ ብዬው ተመለስኩ።