የአያ አራጋው ድንጋይ

ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን ነበር። ወይስ ኅዳር ገብቶ ነበር? ገብሱ እንዳልታጨደ ትዝ ይለኛል፤ ቀኑን ግን እንጃ። አያ አራጋው ቢሆኑ ሰዓቱን ጭምር ይነግሩኝ ነበር።

በላስታ ምድር ወሰን አዋቂ የሌለው መንደር የለም። የእኛው ሊቀ ወሰን አያ አራጋው ናቸው። ማዕረጉን የሰጠናቸው ለቀልድ ነው፤ እርሳቸው ግን የምር ተቀበሉት። ለቅሶ ቤት እንኳ የሟቹ ማሳ ከማን ጋር እንደሚዋሰን ሳያስረዱ አይነሱም። አንድ ጊዜ ሙሽራ ይዘን ከሙጃ ከተማ ስንመለስ ሰርገኛውን አስቁመው፣ "ይቺ ቁልቋል ያለቦታዋ ናት!" ብለው በእርምጃ መለካት ጀመሩ። ሙሽራዋን በቅሎ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት።

በገዛ ወንድማቸው ላይም መስክረዋል። እንደ ወጉ የወሰኑን ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ምለው፣ ስንዝር የምታህል መሬት ለጎረቤት አስመለሱ። "ድንጋይ አፍ የለውም፤ አፉ እኔ ነኝ!" ይላሉ። ወንድማቸው እስኪሞት አላናገራቸውም።

ጦርነቱ አብቅቶ የሰላም ስምምነት ሲፈረም፣ በእኛና በማዶው አዲስ ራስ ገዝ መካከል ወሰን የሚከልል ኮሚቴ ጂፒኤስ ይዞ መጣ። ስምምነቱ "የቀድሞው ወሰን ወንዙ ነው" ይላል። ወንዛችን ግን ድሮ በአንድ ክረምት ጎርፍ መንገዱን ቀይሯል፤ ደረቁ ወንዝ ወዲህ፣ ውሃው ወዲያ። በሁለቱ መካከል አንድ ቤት አለ፤ የአያ አራጋው ልጅ የይማርሽ ቤት። ወሰኑ ውሃው ከሆነ ይማርሽ ከእኛ ጋር ትቀራለች። ደረቁ ከሆነ ግን በአባትና በልጅ መካከል ኬላ ይቆማል። ወሰኑ የተተከለው ከጎርፉ በፊት ይሁን በኋላ የሚያስታውስ ደግሞ ከእርሳቸው በቀር በሕይወት የለም።

"አያ፣ የቱ ነው?" አለ ሰብሳቢው።

አያ አራጋው እንደ ወጉ ድንጋይ አንስተው ተሸከሙ።

ጎረቤታቸው ጥሩነሽ ተጠግታ፣ "ውሃው ነው በሉ እንጂ አያ! ማን ያውቅብዎታል?" አለቻቸው በሹክሹክታ።

"ይሄ የተሸከምኩት።"

እኔም በልቤ፣ በዕድሜያቸው አንዴ እንኳ ይዋሹ ብዬ ለመንኩ።

ደረቁ ወንዝ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ይማርሽ በማዶ ደጇ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትመለከታለች። ድንጋዩን የተኛ ሕፃን እንደሚያወርድ ሰው ቀስ አድርገው አወረዱት።

"እዚህ ነው።"

ሰብሳቢው ቀይ ቀለም ቀባው። አያ አራጋው በትራቸውን አነሱ። ወደ ቤታቸው የሚመለሱ መስሎን መንገድ ለቀቅንላቸው። እርሳቸው ግን ቀለሙ ሳይደርቅ ድንጋዩን ተሻግረው ወደ ልጃቸው አዘገሙ።

"አያ፣ ማሳዎስ? መቼ ይመለሳሉ?" ልላቸው አፌን ስከፍት እርሳቸው ገብተው የይማርሽ በር ተዘግቶ ነበር።