ከመፈንከቱ በፊት የታሰረ ራስ

ዓርብ ከሰዓት፣ ፍርድ ቤቱ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እንዳሸለብኩ፣ በሕልሜ አለቆች እኔን ደጅ ሲጠኑ አየሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ማመልከቻ ይዤ አምስት በር ሳንኳኳ ነበር የከረምኩት። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ጎረምሶች ዓርብ አሥር ሰዓት ሜዳ ላይ ሊፈነካከቱ ተቃጥረዋል፤ ከታቾቹ ፊት የሚሰለፈው ወንድሜ ይሁኔ ነው። ፖሊስ «ደም ሲፈስ ነይ» አለኝ። ቀበሌው «የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ»፣ ጤና ጣቢያው «ቁስለኛውን አምጪ»፣ ዕድሩ «ሬሳውን አምጪ»፣ ዳኛው «ደጅ ጠብቂ»። ማመልከቻዬ እንኳ እንከን አይወጣለትም፤ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ የቀረውን ራሴን ያስተማርኩት እኔ ከጸሐፊዎቻቸው ይበልጥ አሳምሬ እጽፋለሁ።

በሕልሜ አግዳሚው ብድግ አለና ከጠረጴዛ ኋላ አስቀመጠኝ። ፊቴ የፖሊስ አዛዡ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ዳኛውና የዕድሩ ሰብሳቢ ቆመዋል። አንዲት ማመልከቻ ለአምስት ተሸክመዋል፣ እንደ ቃሬዛ።

«እመቤቴ» አሉ አዛዡ ቆባቸውን አውልቀው፣ «ጠቡ ሳይጀመር እንድናስቆመው ይፈቀድልን።»

«ተባብራችሁ?»

«ተባብረን!»

ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ክፉ ነበር። «ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናት። ሰኞ ተመለሱ።»

«ኃላፊዋ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ። ስብሰባ ላይ ነኝ።»

ሊቀመንበሩ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። «ልጆቹ እኮ ሰኞን አይጠብቁም!»

ይኼኔ ሜዳው ራሱ እየሮጠ ቢሮዬ ገባ። ድንጋዮቹ «አንወረወርም!» እያሉ ወደ ወንዛቸው ይመለሳሉ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጤነኛ ራስ ላይ ፋሻ ይጠቀልላሉ፤ «ና ጎበዝ፣ ሳትፈነከት ላስርልህ!» ዕድሩ ላልሞተ ሰው ድንኳን ተከለ። ይሁኔ ብቻ ፋሻ ሳይደርሰው ባዶ ራሱን መሃል ቆሟል።

«እሱንስ?» አልኩ።

«የእርስዎ ማህተም ይቀራል» አሉ አምስቱም ባንድ አፍ።

መሳቢያውን ሳብኩ። መሳቢያው ውስጥ ሌላ መሳቢያ፣ እሱ ውስጥም ሌላ። አሥር ሰዓት ሊሞላ ነው። አውራ ጣቴን በምራቅ አርሼ ወረቀቱ ላይ ልጫን ስል ጥሩምባ ተነፋ።

ነቃሁ። ጥሩምባው የእውነት ነበር። እኛ ሰፈር ደግሞ የዕድር ጥሩምባ ለሞት ካልሆነ አይነፋም። ሰዓቴን ባየው አሥር ተኩል! ጫማዬን በእጄ ይዤ ድምፁ ወደሚመጣበት ወደ ቀበሌው አዳራሽ በረርኩ።

ለካስ አምስቱም፣ እኔን ካባረሩ በኋላ፣ እያንዳንዳቸው «ያስታረቅኩት እኔ ነኝ» ለማለት፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ሁለቱን ሰፈሮች እዚያው አዳራሽ ለአሥር ሰዓት ስብሰባ ጠርተዋቸዋል። መድረኩ ላይ «ስብሰባው የኔ ነው!» እየተባባሉ ማይክራፎን ይናጠቃሉ። ጥሩምባ ነፊው ጸጥታ ለማስከበር ጉንጩ እስኪፈነዳ ይነፋል። ይሁኔ አዛዡን ወገባቸውን ይዞ፣ የላይ ሰፈሩ መሪ ደግሞ ሊቀመንበሩን ጥምጥም ብሎባቸው፣ «ኧረ ተዉ፣ ነውር ነው! ትልልቅ ሰዎች አይደላችሁም እንዴ?» ይላሉ።

የወንድሜን ራስ በሁለት እጄ ዳበስኩት። ጭረት እንኳ የለበትም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን አጠለቅኩ።

«እናትነሽ፣ እንኳን መጣሽ!» አለኝ እያለከለከ። «በይ ቶሎ ማመልከቻ ጻፊ። አምስት ሰው ሊፈነካከት ነው።»