የቡድናችን የከርሞ ዕድልና የሚካኤል መጋረጃ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ለእናቴ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ እሱም ለየዘመዱ ሰላምታ ሳደርስ ወረቀቱ ያልቅና ጉዳዬን ሳልናገር እዘጋዋለሁ።

ስለዚህ ይህን በማሠልጠኛችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስታነቡ ፊደሌን አትዩብኝ። ከሥር በእርሳስ እየጻፋችሁ የምትቀልዱትም ለዛሬ ማሩኝ።

ሰኔ ሚካኤል ዕለት የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑም ልል ነበር። ግን ግማሾቻችሁ እዚያው ቆማችሁ እልል ብላችኋል!

ላልነበሩት ልንገር።

ወይዘሪት ሙሉ፣ የጥልፍ አስተማሪያችንና የቮሊቦል አሠልጣኛችን፣ ስለ ሴቶች ቡድናችን የከርሞ ዕድል ለግድግዳው ጋዜጣ አንድ ገጽ እንድጽፍ አዘዙኝ። እኔን! ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት አቅቶኝ ሦስት ቀን ቀሪ የተባልኩትን። ሌላ ሰው ይሻላል አልኳቸው። ከያዙት መርፌ ቀና ሳይሉ፣

«የቡድኑን ዕድል ካንቺ ቀድሞ የሚያውቅ የለም» አሉኝ።

ክፍሉ ሙሉ ሳቀ።

ለምን እንደሳቁ እንዲገባችሁ ወደ ግንቦት ልመልሳችሁ።

የሰቆጣው ማሠልጠኛችን ስድስተኛ ክፍል የጨረስን ልጃገረዶችን ከየወረዳው ሰብስቦ፣ ሁለት ዓመት ጥልፍና ጤና አጠባበቅ አስተምሮ፣ ወደየአገራችን ይመልሰናል። ቮሊቦል በትምህርቱ ውስጥ የለም። ወይዘሪት ሙሉ ናቸው ከደሴ ሲመጡ ኳሱን ከልብሳቸው ጋር ጠቅልለው ያመጡት። መረቡን ከቃጫ ገመድ ራሳችን ቋጠርነው። ኳሱ ሲቀደድ የሚጠግነው ኮርቻ ሰፊው ነው። ሦስት ጊዜ ስለጠገነው፣ በጥገናው በኩል የተመታ እንደሆነ ወዴት እንደሚሄድ ኳሱ ራሱም አያውቅም።

ሜዳችን ደግሞ ወደ ወንዙ ያዘቀዝቃል። በታች በኩል የቆመ ቡድን ከመጫወቱ ይልቅ ኳስ ሲያሳድድ ይውላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ጥሩ ነበርን። ካፒቴናችን አስካል የፃግብጂ ገበሬ ልጅ ናት። ከአማርኛዋ ይልቅ አገውኛዋ ስለሚፈጥን፣ በጨዋታ ላይ የምታዝዘን በአገውኛ ነው፤ ሌላው ቡድን ምን እንዳለች ለማወቅ ሲተያይ እኛ ነጥብ እናገባለን። የአበርገሌዋ ትርሓስ ቁመቷ ከመረቡ እኩል ነው ማለት ይቻላል። እኔ አቀባይ ነኝ። ኳሱን ለትርሓስ አነሣላታለሁ፣ እሷ ትመታዋለች፣ ሰው እሷን ያያል። ለኔ ከዚህ የሚስማማ ሥራ በዓለም ላይ የለም።

የኮረም ልጆች እኛ ዘንድ መጥተው ሊጋጠሙን ሆነ። ያሸነፈው ለውድድር ደሴ ይሄዳል። ወይዘሪት ሙሉ የደሴን ጨዋታ ሥርዓት ሲነግሩን ሁሉም አጨበጨበ። እዚያ የእያንዳንዷ ተጫዋች ስም በማይክራፎን ይጠራል አሉ። የተጠራችው ብቻዋን እየሮጠች ወደ መሐል ወጥታ፣ ዙሪያውን ለቆመው ሰው ሁሉ እጅ ትነሣለች።

ብቻዋን!

እኔ አላጨበጨብኩም።

ያን ቀን ወደ ማታ ሚካኤል ወርጄ ከቅጥሩ ሥር ተሳልኩ። «ሚካኤል ሆይ፣ ኮረሞች ያሸንፉ። ስሜ በማይክራፎን እንዳይጠራ አድርግልኝና በእጄ የጠለፍኩትን መጋረጃ በሰኔ አስገባልሃለሁ።»

አልጫወትም ብለሽ ለምን አትናገሪም ነበር የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ያን ለማለት እኮ መናገር ያስፈልጋል።

ጨዋታው ደረሰ። አንደኛውን ዙር እኛ አሸነፍን፣ ሁለተኛውን እነሱ። በሦስተኛው ዙር አሥራ አራት ለአሥራ ሦስት ኮረሞች መሩን፤ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀራቸው። ሰርቪሱም የነሱ ነበር። የነሱ ረጅሟ ልጅ መታችው፤ ኳሱ መረቡን አልፎ ቀጥታ ወደኔ መጣ። አስካል በአገውኛ «ያንቺ ናት» ብላ ጮኸች።

እጄን አነሣሁ። ኳሱ በእጆቼ መሐል አልፎ እግሬ ሥር አቧራው ላይ አረፈ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ኳስ ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። እጄን መልአኩ ያዘው? ወይስ ራሴ ያዝኩት? በልምምድ እንዲያ ያለች ኳስ አንድም ቀን አምልጣኝ አታውቅም። መልአኩ ነው ብዬ ባምን ቀላል ነበር። ግን ኳሱ እየመጣ ሳለ «ይውደቅ» የሚል ሐሳብ በልቤ ማለፉን አስታውሳለሁ። ያ ሐሳብ የማን ነበር?

ከተሸነፍን በኋላ ማንም አልተቆጣኝም። ይህ ነው የባሰው። ትርሓስ ጀርባዬን መታ መታ አድርጋ፣ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ መሆን አለበት አለችኝ። ፀሐይዋ በስተኋላዬ ነበረች።

መጋረጃውን መጥለፍ ጀመርኩ። ስለት ነው ስላቸው ማንም የምን ብሎ አልጠየቀኝም። በኛ አገር የሰው ስለት ይታገዛል እንጂ አይመረመርም። ትርሓስ መስቀሎቹን ጠለፈችልኝ። አስካል ደግሞ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ አጠገቤ እየተቀመጠች የግራ ጠርዙን ያዘች። ስለት ሲዘገይ ጥሩ አይደለም እያለች ከኔ ይልቅ የምትጣደፈው እሷ ነበረች።

አንድ ቀን እየጠለፍን ሳለ አስካል፣ ደሴ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ሆስፒታሉ ዘንድ አስታማሚነት የሚያስተምሩ እንደሆነ ልጠይቅ አስቤ ነበር አለችኝ። የስድስተኛ ክፍል ወረቀቷን በጨርቅ ጠቅልላ አዘጋጅታ ነበር። አባቷ ካሣ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። ብቻዋን ደሴ አይልኳትም፤ ከአስተማሪዋና ከጓደኞቿ ጋር ከሆነ ግን ትሂድ ብለው ነበር። ካልሆነ እህል ሲገባ ይድሯታል።

ይህን ስትነግረኝ መርፌዋን አላቆመችም። ጠርዙን ቀጥ አድርጋ ነው የምትጠልፈው።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ቀይ ክር አቀብይኝ አልኳት።

ሰዎች፣ ስለ ስለቴ ከምታፍሩብኝ ስለዚያ ቀይ ክር እፈሩብኝ።

ሰኔ ሚካኤል ደረሰ። ማሠልጠኛው በሙሉ ነጭ ለብሶ ወረደ። መጋረጃውን ለአንዱ ዲያቆን ሰጥቼ ልጠፋ ነበር ሐሳቤ። ግን እናቴ ስሙና ምክንያቱ ያልተነገረ ስለት እንደገባ አይቆጠርም ብላ ያሳደገችኝ ነኝ። ተራዬን ጠብቄ ስለት ወደሚቀበሉት ወደ መሪጌታ ስሜነህ ቀረብኩ። በየዓመቱ የሰውን ስለት በአደባባይ የሚያውጁት እሳቸው ናቸው።

«ስመ ክርስትናሽ ማነው?»

«ወለተ ሚካኤል።»

«ስለ ምን ተሳልሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። ለምሳሌ ራስ ምታት። ግን ታቦቱ ወጥቶ ከፊቴ ቆሟል። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ ማንም እንዳይሰማ፣ በሹክሹክታ እውነቱን ነገርኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንፋሻቸውን ሳቡ።

«ወለተ ሚካኤል የምትባል የማሠልጠኛው ልጅ፣ በኳስ ጨዋታ የኛ ቡድን ይሸነፍልኝ፣ ኮረሞች ያሸንፉልኝ፣ ደሴ አልሂድ ብላ ለመልአኩ ተስላ ነበር። መልአኩም ሰምቷት፣ ኮረሞች አሸንፈውላት፣ የኛም ተሸንፈውላት፣ ይኸው የጥልፍ መጋረጃ ይዛ መጥታለች። እልል በሉ!»

አገሩ ሁሉ እልል አለ።

ሰቆጣን በገዛ ሽንፈቷ እልል ያሰኘኋት እኔ ብቻ ነኝ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ፣ የመኻን ልጅ፣ የታመመ መዳን፣ የጠፋ በሬ መገኘት ሰምተን እናውቃለን፣ ይህ ግን አዲስ ነው ብለው ለጎረቤታቸው ሲያወጉ ሰማኋቸው።

ከሴቶቹ እልልታ ውስጥ የአስካልን ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ቀጭንና ረጅም ነው። መሪጌታ «የማሠልጠኛው ልጅ» ሲሉ የኔ ስለት መሆኑን አውቃ ደስ ብሏት ቀድማ ጀምራው ነበር።

መሐል ላይ ቀረ።

ዞሬ አየኋት። እሷ እኔን አላየችኝም። መጋረጃውን ነበር የምታየው፣ ግራ ጠርዙን። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ከቅጥሩ ወጣች። ያንኑ ዕለት ከገበያ ከሚመለሱ የአገሯ ሰዎች ጋር ወደ ፃግብጂ ሄደች።

እስቲ አስቡት። ስሜ በማይክራፎን እንዳይጠራ ተስዬ፣ ስሜ በመሪጌታ ስሜነህ አፍ ተጠራ! ደሴ ቢሆን ስሜን ብቻ ነበር የሚጠሩት። ምክንያቱን አይጨምሩም ነበር።

አራት ቀን መኝታ ቤት ውስጥ ከኔ ጋር የተነጋገረ የለም ማለት ይቻላል። ትርሓስ ብቻ አንድ ጊዜ፣ እስቲ ለጤና አጠባበቅ ፈተናዬም ተሳይልኝ፣ እንድወድቅ ግን አይደለም አለችኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

እንግዲህ ስለ ከርሞው የታዘዝኩትን ልጻፍ።

ሁለቱ የኋላ መስመር ተጫዋቾቻችን ጨርሰው ይሄዳሉ፣ ይህ ጉዳት ነው። ነገር ግን ከሰቆጣ ዙሪያ አንዲት አዲስ ልጅ ገብታለች። ልጅነቷን በሙሉ ማሽላ ስትጠብቅ፣ ወፍ በወንጭፍ ስታባርር ያደገች ናት። ሰርቪስ ስትመታ ኳሱ ያፏጫል። ትርሓስ ኳሱ ሳይመጣ መዝለሏን እየተወች ነው። የኮረሟ ረጅም ልጅ በጥር ታገባለች ይባላል፤ ትዳሯን ይባርክላት፣ ከልቤ ነው። ሜዳውን ክረምቱ ሳይከብድ እኩል እንዲሆን እንድንደለድለው ወይዘሪት ሙሉ ነግረውናል። ኳሱ ግን ያው ኳስ ነው።

አቀባይ ያስፈልጋል። ቦታው ክፍት ነው ወይስ አይደለም፣ እኔ መጻፍ የምችለው አይደለም ብዬ እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አስካል ተመለሰች። ከልምምድ ሰዓት ውጪ ብቻዬን ሜዳው ዳር፣ የረገበውን መረብ ስቋጥር አገኘችኝ። ይቅርታ ልላት ተነሣሁ፤ ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበር። «አስካልዬ» ብዬ ጀመርኩና ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ። «ኳሷን ላነሣት እችል ነበር» አልኳት። እሱን ብቻ።

የመረቡን ሌላ ጫፍ ይዛ መቋጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዓይን ቋጠረች።

ከዚያ አባቷን ለምና እንደመጣች ነገረችኝ። አባቷ፣ እስከሚመጣው ግንቦት እጠብቅሻለሁ፣ ኳሱ ደሴ ካላደረሰሽ እኔ ለባል አደርስሻለሁ ብለዋታል። አንድ ዓመት አላት። ሰርጉም ደሴም ከዚሁ ከቃጫ መረብ ላይ ተንጠልጥለዋል ማለት ነው።

ምን እንድሠራ እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። ከቡድኑ ውጪ ብትለኝ እወጣለሁ አልኳት። ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ የተናገርኩት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ገመዱን በጥርሷ አጥብቃ ሳበችና ዓይኔን አየችኝ።

«እኔም እኮ እንድናሸንፍ ለማርያም ተስዬ ነበር፤ የተሰማው ያንቺ ነው» አለችኝ። «ስለዚህ የከርሞውን አንቺ ትሳያለሽ። ግን አደራ፣ ከመረቡ በየትኛው በኩል እንደምትቆሚ አስቀድመሽ ለመልአኩ ንገሪው።»