አልሞት ያለው ሰይፍ

የጥንት ጦርነት በየዓመቱ በትርኢት በሚታይበት መንደር ሁሉ፣ ከጠላት ይልቅ የሚፈራ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የሰውን ትጥቅ የሚመረምር ሽማግሌ። የእኛው ክቡር ዶን ሳቱሪዮ ናቸው።

እዚህ ስፔን፣ ሮማውያን ባጠፏት በጥንቷ የኑማንሲያ ከተማ ፍርስራሽ ሥር፣ በየሐምሌው ግማሻችን ሮማዊ፣ ግማሻችን የጥንት ኑማንሲያዊ ሆነን እንጋጠማለን። የእኔ ዕጣ ሮማዊነት ነው። የሁላችንንም ሰይፍ በጥንቱ አምሳያ የቀጠቀጡት ዶን ሳቱሪዮ ናቸውና፣ በባለቤቶቹም ላይ የሚያዙ ይመስላቸዋል። የዳቦ ጋጋሪውን የራስ ቁር በጣታቸው ኳ አድርገው፣ «ሂድ ምስር ቀቅልበት!» ይሉታል። የቄሱን መነጽር «በዚያ ዘመን አልነበረም!» ብለው አስወለቋቸው፤ ቄሱም የገዛ ወገናቸውን ሲወጉ ዋሉ።

ዘንድሮ የትርኢቱ ኮሚቴ ለኢንሹራንስ ሲል የብረት ሰይፍ ከለከለ። የኮሚቴው ጸሐፊ ቤጎኛ የሜዳው በር ላይ ቆማ የጎማ ሰይፍ ታድላለች።

«ዶን ሳቱሪዮ፣ የእርስዎን እዚህ ያስረክቡኝ።»

«ጎማ በዚያ ዘመን አልነበረም!»

«ኢንሹራንስም አልነበረም። ወይ ያስረክቡ፣ ወይ ወደ ቤትዎ።»

ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ጦርነት አምልጧቸው አያውቅም። ፊታቸው ቀላ።

«የኑማንሲያ ሰው ሰይፍ አያስረክብም፣ ልጄ። እገድለዋለሁ እንጂ!»

ጥንት ጀግና ሲሞት ሰይፉንም አጣጥፈው «ገድለው» ነበር አብረውት የሚቀብሩት፣ ሌላ እጅ እንዳይገባ። ዶን ሳቱሪዮም ሰይፉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አጎበጡት። ሲለቁት ቀጥ አለ። ደገሙት፤ አሁንም ቀጥ።

«ስንቴ ነው የሚሞተው?» አለች ቤጎኛ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ እያለከለኩ። «አሳምሬ ሠራሁት።»

ከበሩ ውጭ መሬት ላይ ሰኩት፤ ጎማውንም ሳይነኩ ባዶ እጃቸውን ገቡ። ባዶ እጅ የሚከለክል ደንብ አልነበረም።

ሜዳው ላይ እኔና ዶን ሳቱሪዮ ፊት ለፊት ተገናኘን። «አያቴ፣ በጥፊ ሊመቱን ነው?» አለ አንዱ ሮማዊ፤ ተመልካቹ በሣቅ ፈረሰ። በታሪኩ የምናሸንፈው እኛ ነን። እኔም ሰባን አልፌያለሁ፤ በዚያ ሜዳ ለማንም ወድቄ አላውቅም። ሽማግሌው ግን አገጫቸውን ቀና አድርገው ጡጫቸውን አነሡ፤ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም።

ገና ሳይነኩኝ ጋሻዬን ጥዬ በጀርባዬ ተዘረርኩ።

ከኋላዬ የነበረው ሮማዊ አየኝና ወደቀ። ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪው። ቀጥሎ ያ ፌዘኛ ራሱ። ኮሚቴው እየሮጠ ሲደርስ፣ ሮም በሙሉ ሣሩ ላይ ተኝታ ነበር።