ኬኩ ከተቆረጠ በኋላ

ለብዙ ዓመታት ይዤው የኖርኩት ጥያቄ አለ፤ ሰዎች ሁለተኛውን ጥያቄ እንዴት ነው የሚጠይቁት? የመጀመሪያውንማ ማንም ይጠይቃል። እኔም ሦስት ቀን ከተለማመድኩ በኋላ እጠይቃለሁ። ጭንቁ የሚመጣው መልሱ ግማሽ ሲሆን ነው። «እንነግርሻለን» ሲሉኝ «መቼ?» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና እዚያው ቁጭ ይላል። ምግብ ቤት ያላዘዝኩትን ሲያመጡልኝ አመስግኜ እበላለሁ። ጸጉር የምትሠራኝ ልጅ «እንዲህ ነው የፈለግሽው?» ስትለኝ፣ እንዲህ አለመሆኑን መስታወቱ እየመሰከረብኝ፣ «በጣም ቆንጆ ነው» እላለሁ። እናቴ ይህን ጨዋነት ትለዋለች። እኔም እስካለፈው መጋቢት ድረስ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

የምሠራበትን ቦታ ብነግራችሁ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አትላንታ አጠገብ፣ ክላርክስተን ውስጥ ከጎማ መጠገኛና ከጥፍር ማስዋቢያ ቤት መሃል የተሸጎጠች አንዲት ቢሮ አለች። ሥራችን ለሰው ፎርም መሙላት፣ መተርጎምና ደብዳቤ መጻፍ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ሽፈራው ናቸው፤ ስልሳውን ተሻግረዋል፣ ብዙ አይናገሩም። ሰናይት የምትባል እኩያዬ በር ላይ ሆና ሰው ትቀበላለች፤ የእኔን ድርሻ ጨምራ ስለምታወራ ተስማምተን ኖረናል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ደብዳቤ እጽፋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ሥነ ጽሑፍ፣ አምስት ዓመት ሙሉ «ለሚመለከተው ሁሉ» በሚል ርዕስ ሳወጣው ነበር።

ከወንበሬ በላይ ግድግዳው ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት ማስታወቂያ ተለጥፏል። «ክቡራን ደንበኞቻችን፣ የተፈረመ ወረቀት በእጅዎ ሳይገባ ሥራዎን አይልቀቁ፣ ቤትዎን አይልቀቁ» ይላል። የጻፍኩት አንድ የከባድ መኪና ሹፌር በስልክ ወሬ ብቻ ሥራውን ለቆ፣ አዲሱም ቀርቶበት፣ ምን ይሻለኛል እያለ የመጣ ዕለት ነው። እንዴት ያለ የዋህ ሰው ነው ብዬ በልቤ ታዝቤው ነበር። በልብ የሚባል ነገርም ለካ ይሰማል።

ኬኔሶ አጠገብ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለቤተ መጻሕፍቱ ሰው እንደሚፈልግ አየሁና አመለከትኩ። መጻሕፍት፣ ጸጥታ፣ ዝም በሉ የሚል ሕግ ያለበት ቦታ! በተፈጥሮዬ ለማደርገው ነገር ደመወዝ ሊከፍሉኝ ነው እኮ። ቃለ መጠይቁ ላይ የምትወጂው መጽሐፍ የቱ ነው አሉኝ፤ እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስለማላውቅ ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ። በሳምንቱ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሚስ ዶና ደወለች። ሁላችንም በጣም ኤክሳይትድ ነን አለችኝ፤ በአንድ ጥሪ ውስጥ ሦስት ጊዜ ነው ያለችኝ። መቼ መጀመር ትችያለሽ አለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ አልኳት። ፐርፌክት አለች። ኦፈር ሌተሩም፣ የቅጥር ደብዳቤው ማለት ነው፣ በቅርቡ ይደርስሻል ብላ ዘጋች።

በቅርቡ ማለት መቼ ነው? እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄ ይሄ ነው። የት እንደቀረ ታውቃላችሁ። እዚህ አገር ሰው ሲደሰት እየሰማሁ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ያላዘዝኩትን ምግብ የምታመጣልኝ አስተናጋጅ እንኳ በመምጣቴ ኤክሳይትድ ናት። ይህን ሁሉ እያወቅሁ የሚስ ዶናን ደስታ እንደ ፊርማ ቆጠርኩት።

ታዲያ ወረቀቱ እስኪመጣ ዝም ብዬ አልጠብቅም ነበር? ችግሩ ሙዙ ነው። ጋሽ ሽፈራው ከሲታ ነሽ እያሉ በየጠዋቱ አንድ ሙዝ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣሉ። ጥሪው በመጣ ማግስት ሙዙ እንደተለመደው ቀድሞኝ ተቀምጧል። ልከዳቸው የተዘጋጀሁባቸውን ሰው ሙዝ ልጬ መብላት አቃተኝ። ከሰዓት በፊት መልቀቂያዬን ሰጠኋቸው። አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ስድስት ጊዜ አርሜዋለሁ። ስለምለቀው ሥራ ይህን ያህል ስጽፍ፣ ስለምይዘው ሥራ አንዲት መስመር በእጄ የለችም።

ጋሽ ሽፈራው መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡት። ቆንጆ ደብዳቤ ነው አሉ። ቀጥለውም፣ «የእነሱን ወረቀት ይዘሻል አይደል?» አሉኝ።

እየመጣ ነው አልኳቸው። ማስታወቂያውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። እሳቸውም ለካ ሁለተኛውን ጥያቄ አይጠይቁም።

በሁለተኛው ዓርብ ሸኙኝ። ሽኝቱን ቀለል አታድርጉት የሚል ትእዛዝ የተላለፈ ይመስል ነበር። ሰናይት ፊኛ ነፋች፣ ስሜ የተጻፈበት ኬክ ተቆረጠ። የዘወትር ደንበኛችን እማማ ጥሩወርቅ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ኤሲ ይበዛል ተብለው ነው መሰል፣ ወፍራም የሱፍ ሻርፕ አንገቴ ላይ ጠመጠሙና ከወጣሽበት በሰላም ግቢ እያሉ ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ጋሽ ሽፈራው በሣጥን ያለ እስክሪብቶ ሰጡኝ። የምትፈርሚበት ነው አሉ። እኔ በዚያች ሰዓት ኢሜይሌን በጠረጴዛ ሥር እያየሁ ነበር። ወረቀት የለም። ሰው እየሸኘኝ፣ የምሄድበት ሳይታወቅ፣ አሜን እያልኩ ሁለት ቁራሽ ኬክ በላሁ።

ለምን ደውዬ አልጠየቅሁም ትሉ ይሆናል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ኢሜይል ጽፌ አሥራ አንዱንም አጥፍቻለሁ። አንዱ ጠበቅ ያለ መሰለኝ፤ አንዱ ይቅርታ የበዛበት ሆነ፤ አንዱ ደግሞ በጣም ጨዋ ከመሆኑ የተነሳ እንዳትጨነቁ ብሎ ይጨርሳል።

ሰኞ ደረሰ። የምንኖረው ሊልበርን ነው፣ ከእናቴ ጋር። እማዬ ዜናውን ለወዳጆቿ ነግራለች፤ ወሬው ዞሮ እኔ ጋ ሲመለስ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኛለሁ። በጠዋት ተነስታ ምሳዬን ቋጠረችልኝ። ያንን ምሳ ይዤ፣ ሻርፔን አድርጌ፣ መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ። የት ልሂድ? ፓይን ሌክ ሄጄ ኩሬው ዳር ፓርክ አደረግሁና የሥራ ሰዓት እስኪያልቅ መጽሐፍ አነበብኩ። ማክሰኞም እንደዚሁ። ዳክዬዎቹ ለመዱኝ። ማታ እማዬ ሥራ እንዴት ነው ስትለኝ ጸጥ ያለ ነው እላታለሁ፤ ይህንን እንኳ አልዋሸሁም።

ረቡዕ አሥራ ሁለተኛውን ኢሜይል ላክሁ። ደብዳቤው ምናልባት ሌላ ቦታ ገብቶ ይሆን ወይ ብዬ ጥፋቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዞርኩት። መልሱ በአሥር ደቂቃ መጣ። የሥራ መደቡን ለጊዜው አቁመነዋል ይላል። መጨረሻው ላይ ግን፣ ስለ አንቺ አሁንም በጣም ኤክሳይትድ ነን ይላል። ለዳክዬዎቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

ሐሙስ ሰናይት ደወለች። ላይብረሪው እንዴት ነው ስትለኝ ውኃው ጥሩ ነው ልላት ምንም አልቀረኝም። የእሷ ወሬ ሌላ ነው፤ እማማ ጥሩወርቅ የልጅ ልጃቸውን የሚጋብዙበት ደብዳቤ ሊያጽፉ መጥተው፣ ሌላ ሰው አይነካብኝም ብለዋል። «ሊትራሊ ወንበርሽ ላይ ቁጭ ብለው ነው የዋሉት» አለችኝ። «ጋሽ ሽፈራውም ሰው ይቅጠሩ ስላቸው አይሰሙም። ሙዙንም እስካሁን እያመጡ ነው፤ እኔ ነኝ የምበላው፣ አይ አም ሶ ደን ዊዝ ሙዝ፣ በቃኝ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያለቀስኩት በሙዙ ነው።

የቀረልኝ ነገር ቢኖር ያ ወንበር ነበር፤ ግን ተመርቆ የተሸኘ ሰው በየትኛው እግሩ ይመለሳል? ኬኩ ተበልቷል። ሻርፑ ተጠምጥሟል። ዓርብ ጠዋት ማስረዳቱ ስለከበደኝ እንደ ደንበኛ ሄድኩ። ሰናይት አፏን ከፍታ ስታየኝ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ተራ ያዝኩ። ከፊቴ ሦስት ሰዎች ነበሩ። የራሴን ማስታወቂያ እያነበብኩ ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ጽሑፌ ግልጽ ነው። ይነበባል።

ተራዬ ሲደርስ ጋሽ ሽፈራው ቀና ሳይሉ ምን እንርዳዎ አሉ። ደብዳቤ ላጽፍ ነው ስላቸው ቀና አሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኩሬውን፣ ዳክዬዎቹን፣ ለእማዬ የነገርኳትን። አልሳቁም። ሰናይት ግን ኤክሳይትድ የሚለው ጋ ስደርስ ወደ ጓዳ ገባች። ጋሽ ሽፈራው ሰኞ ግቢ አሉኝ፤ አለቀ። አመስግኜ ተነሳሁ። በሩ ጋ ደርሼ እጀታውን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ተመለስኩ።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… በወረቀት ያደርጉልኛል?»

በሕይወቴ የመጀመሪያዬ የሆነው ሁለተኛ ጥያቄ ይኸው ነው። አትላንታ ውስጥ ቃሉ ወረቀት በማያስፈልገው ብቸኛ ሰው ላይ ነው የተለማመድኩት። ፊቴ ጋለ። እሳቸው ግን ወንበሬን ሳቡልኝ።

«እዚህ ቤት ደብዳቤ የምትጽፈው ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ ጻፊያ።»

የገዛ ራሴን የቅጥር ደብዳቤ ጻፍኩ። ስለ ራሴ ጥሩ ነገር መጻፍ አፍሬ ሁለት ቅጽል ሰረዝኩ፤ እሳቸው መልሰው አስገቧቸው። እስክሪብቶዬን ተዋሱኝና በማይነበብ ፊርማቸው ፈረሙ። ቀጥሎ ከሥር በእጃቸው አንድ መስመር ጨመሩ፦ ሠራተኛዋ ዳግመኛ ብትለቅ ኬክ አይቆረጥም።

አንቺስ አትፈርሚም አሉኝ። ቤት ወስጄ ላንብበው አልኳቸው። ያን ጊዜ ሳቁ።

ማታ ወረቀቱን እማዬ ፊት አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ምሳውን ማን በላው ብቻ ነው ያለችኝ። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ከኬኩ አንቀጽ በስተቀር የማልስማማበት ነገር አጣሁ። ሰኞ ጠዋት ልፈርም ወሰንኩ፤ ፈርሜም ገባሁ። ሙዙ ቦታው ላይ ነበር። ሰናይት ዘላ አቀፈችኝና በመመለሴ በጣም ኤክሳይትድ እንደሆነች ነገረችኝ።

በጽሑፍ አድርጊልኝ አልኳት።